አሸዋ ድንጋይ ከየት መጣ? መነሻውን በከባድ ማዕድናት የመፈለግ ሥራ፣ ከናሙና እስከ ትርጉም

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው ድንጋዩ ሲቀያየር ልብ ብሎ ይሆናል። ከላይ ጥቁር ባዛልት አለ። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ድርብርብ ይመጣል። ወደ ታች ደግሞ ሌላ አሸዋ ድንጋይ አለ፤ የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚባለው ነው። ይህ አሸዋ እዚያ ከመከማቸቱ በፊት የሌላ ተራራ አካል ነበር። የትኛው ተራራ? ምን ዓይነት አለት? ሩቅ ወይስ ቅርብ? ይህ መመሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለጊያ ከሆኑት መንገዶች አንዱን ያሳያል።

የጂኦሎጂ ተማሪ ከሆናችሁ ቀጥታ ላብራቶሪ ገብታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ካልሆናችሁም አካሄዱን መረዳት ከባድ አይደለም።

አሸዋ ድንጋይ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው። ኳርትዝ ደግሞ ከግራናይት ይምጣ ከሌላ አለት በቀላሉ አይናገርም። የሚናገሩት በመካከሉ ያሉት ጥቂት ሌሎች ማዕድናት ናቸው። ብዙ ጊዜ ከድንጋዩ 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። እፍጋታቸው በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከ2.9 ግራም ገደማ በላይ ስለሆነ ከባድ ማዕድናት ይባላሉ። ኳርትዝ 2.65 ነው። ቱርማሊን 3.1 አካባቢ፣ አፓታይት 3.2፣ ጋርኔት ከ3.5 እስከ 4.3፣ ሩታይል 4.2፣ ዚርኮን 4.6 ገደማ ይደርሳሉ። የሥራው ግማሽ ይህን ልዩነት ተጠቅሞ እነሱን መለየት ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ የጎደለውን መጠየቅ ነው። እኔ ይበልጥ የምጨነቀው ለሁለተኛው ነው።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ

«ይህ አሸዋ ከየት መጣ» ብቻውን በጣም ሰፊ ጥያቄ ነው። «የታችኛውና የላይኛው አሸዋ ድንጋይ ከአንድ ምንጭ ናቸው ወይስ ከሁለት?» ቢባል ይሻላል። ይህ ዘዴ ከምንም በላይ የሚያምርበት ማወዳደር ላይ ነው። አንድ ናሙና ብቻውን ሲቆም ብዙ ያሳስታል። ከእያንዳንዱ ድርብርብ ቢያንስ ጥቂት ናሙናዎች ያዙ፤ ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ይሁን።

2. ናሙና አወሳሰድ

ከአንድ ቦታ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይበቃል። ደቃቅ ወይም መካከለኛ ቅንጣት ያለውን አሸዋ ድንጋይ ምረጡ። ጠጠር የበዛበትን ተዉት። ፀሐይና ዝናብ ያበሰበሰውን የውጭ ቅርፊት በመዶሻ አንሱና ከውስጥ ትኩሱን ውሰዱ። የቦታውን ጂፒኤስ፣ የድርብርቡን ስም፣ ከሥሩና ከላዩ ያለውን ድንጋይ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። በከረጢቱ ውጭም ውስጥም ቁጥር አድርጉ።

ዓባይ በረሃ ላይ አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ላይ ያለው ባዛልት ሲሸረሸር ስባሪው በአሸዋ ድንጋዩ ስንጥቅ ይገባል። ባዛልት ፓይሮክሲን የሚባል ማዕድን ሞልቶታል። በኋላ በማይክሮስኮፕ ስታዩ ትኩስ ፓይሮክሲን ቢበዛባችሁ ወዲያው «ምንጩ እሳተ ገሞራ ነው» አትበሉ። ባዛልቱ የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ በፊት ነው። አሸዋው ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው የተከማቸው። ያ ፓይሮክሲን የድንጋዩ ሳይሆን የገደሉ ሊሆን ይችላል።

ትግራይ ውስጥ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ከልብ አደራ እላለሁ። በገረዓልታ እንደ አቡነ የማታ ጉሕ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከዚሁ አሸዋ ድንጋይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ከደጀ ሰላሙና ከመውጫው ዓለት ላይ መዶሻ አታሳርፉ። የመንገድ ቁርጥና የወንዝ ዳር ሞልቷል። እዚያም ቢሆን የአካባቢውን ሰውና ካህናቱን አስቀድማችሁ አናግሩ፤ የምትሠሩትንም አስረዱ። ድንጋዩን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

3. ድንጋዩን ወደ አሸዋ መመለስ

ዓላማው ቅንጣቶቹን ሳይሰብሩ መለያየት ነው። መጀመሪያ ምን እንዳጣበቃቸው እወቁ። ከድንጋዩ ትንሽ ስባሪ ለብቻ ወስዳችሁ አንድ ጠብታ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ያጣበቀው ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ ዓይነት ማዕድን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሙከራው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስለሆነ ሙሉውን ናሙና በዚያው አሲድ ይዘፈዝፉታል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አፓታይትን ያሟሟል። አፓታይት ደግሞ በጣም ከሚያስፈልጓችሁ ማዕድናት አንዱ ነው። ስለዚህ 10 በመቶ አሴቲክ አሲድ ተጠቀሙ። አቼቶ ውስጥ ያለው ያው አሲድ ነው፤ የላብራቶሪው ግን ጠንከር ይላል። ቀስ ብሎ ይሠራል። አረፋው እስኪቆም አሲዱን እየቀያየራችሁ ጠብቁ።

ያጣበቀው ሲሊካ፣ ማለትም ኳርትዝ የተሠራበት ነገር፣ ከሆነ አሲድ አይረዳም። በብረት ሙቀጫ በትንሽ በትንሹ ምቱት እንጂ አትፍጩት። መታ፣ መታ፣ ከዚያ በወንፊት ንፉ፤ የቀረውን ብቻ መልሳችሁ ምቱ። በአንድ ናሙናና በሌላው መካከል ሙቀጫውንና ወንፊቱን ጨርሳችሁ እጠቡ። ከቀደመው ናሙና የቀረ አንዲት ዚርኮን ሙሉ ታሪክ ልታጣምም ትችላለች።

4. ማጠብና መንፋት

ጭቃውን በውሃ እያማሰላችሁ አፍስሱ። ውሃው እስኪጠራ ድገሙት። አድርቁና ከ63 እስከ 125 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያለውን ክፍል በወንፊት ለዩ። ለምን ይህ ብቻ? ውሃ አሸዋ ሲያመጣ የሚለየው በመጠን ብቻ አይደለም፤ በክብደትም ነው። ትንሽ ዚርኮን ከትልቅ ኳርትዝ ጋር እኩል ይሰምጣል። አንዱን ናሙና ከደቃቅ ሌላውን ከሻካራ ክፍል ብትቆጥሩ የምታወዳድሩት የውሃውን ጉልበት እንጂ ምንጩን አይሆንም። ለሁሉም ናሙና አንድ መጠን ይሁን። አንዳንድ ቤተ ሙከራዎች እስከ 250 ማይክሮን ያሰፉታል። ያም ይሠራል፤ ዋናው መካከል ላይ አለመለወጥ ነው።

በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያመርቱ ወገኖች አሸዋውን ሲያጥቡ መጨረሻ ላይ ሳህኑ ሥር የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ይኸው ነው። ማግኔታይት፣ ኢልመናይት፣ ጋርኔት፣ ዚርኮን። እጃቸው የሚሠራው ፊዚክስ እኛ በፈሳሽ ከምንሠራው ጋር አንድ ነው። ለቆጠራ ግን በሳህን ማጠብ አይበቃም። ቀለል ያሉት እንደ ቱርማሊንና አፓታይት ከውሃው ጋር ይሄዳሉ።

5. በከባድ ፈሳሽ መለየት

ዱሮ ብሮሞፎርም ነበር የሚሠራበት። እፍጋቱ 2.89 ነው፤ ጥሩ ይለያል። ግን መርዛማ ነው፤ ያለ ጭስ መሳቢያ መንካት አይገባም። ዛሬ ሶዲየም ፖሊታንግስቴት የሚባል ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ይሠራበታል። ይህ መርዛማነቱ እጅግ ያነሰ ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ አንድ ጠብታ እንኳ አይጣልም።

ስለዚህ ፈሳሽ ሁለት ነገር እወቁ። የቧንቧ ውሃ አታስጠጉት፤ በውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተገናኝቶ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል። ዲስቲልድ ውሃ ብቻ። ሁለተኛ፣ የብረት ዕቃ አይንካው፤ ሰማያዊ ይሆንና ይበላሻል። መስታወትና ፕላስቲክ ይበቃሉ።

እፍጋቱን ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ መመዘን ነው። 10 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ ሚዛን ላይ አድርጉ። 29 ግራም ካወጣ እፍጋቱ 2.9 ነው። ካነሰ በዝቅተኛ ሙቀት ትንሽ ውሃ አትንኑ። ከበዛ ዲስቲልድ ውሃ ጠብ አድርጉ።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ይሠራል። ከ10 እስከ 15 ግራም ደረቅ አሸዋ መዝኑ። አሸዋውን ከላይ ከመጨለፍ ይልቅ ቆልላችሁ በአራት ክፈሉና ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ሩብ ውሰዱ፤ የፈለጋችሁት መጠን እስኪደርስ ይደገም። ከሥሩ መክፈቻ ባለው የመስታወት ፈነል ፈሳሹን አድርጉና አሸዋውን ጨምሩ። አማስሉ። ኳርትዙ ይንሳፈፋል፤ ከባዱ ይወርዳል። በየተወሰነ ጊዜ እንደገና አማስሉ፤ ተንሳፋፊው ሥር ተጣብቆ የቀረ ከባድ ቅንጣት አለና። ፖሊታንግስቴት ወፈር ያለ ስለሆነ ሌሊቱን ማሳደር የተሻለ ነው። ጠዋት መክፈቻውን ለአፍታ ከፍታችሁ የወረደውን በማጣሪያ ወረቀት ላይ ተቀበሉና ቶሎ ዝጉ። ከባዱንም ቀላሉንም ለየብቻ በዲስቲልድ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። የታጠበበትን ውሃ ሰብስቡ፤ ሲተን ፈሳሹ ይመለሳል። ሁለቱንም አድርቃችሁ መዝኑና መጠኑን ጻፉ።

ማግኔት በወረቀት ጠቅልላችሁ ከደረቀው ላይ ብታሳልፉ ማግኔታይቱ ይነሳል። አትጣሉት፣ ለብቻ አስቀምጡት።

6. ማይክሮስኮፕ ላይ ማንን ታያላችሁ?

ቅንጣቶቹን በስላይድ ላይ በማጣበቂያ ሙጫ አስቀምጡና በስስ መስታወት ሸፍኑ። የፖላራይዜሽን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ፖላራይዘር የሚባሉ፣ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ማጣሪያዎች ያሉት ነው። ብርሃን የማያሳልፉትን ጥቁሮች ለይታችሁ ቁጥራቸውን ብቻ ያዙ። ሥራው ከሚያስተላልፉት ጋር ነው።

ዚርኮን ብዙውን ጊዜ ቀለም የለውም። ጠርዙ ወፍራም ጥቁር መስመር ይመስላል፤ ፖላራይዘሮቹን ስታቆራርጡ ደማቅ ቀለም ይሰጣል። ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ ከሆኑ ብዙ አልተፋተገም። ኳስ መስሎ ከተድቦለቦለ ግን ረጅም መንገድ ሄዷል፤ ወይም ከአንድ በላይ ድንጋይ ውስጥ አልፏል።

አፓታይትም ቀለም የለውምና ከዚርኮን ጋር ይምታታል። የሚለያቸው የተቆራረጠው ብርሃን ነው፤ አፓታይት ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ ጠርዙም ቀጭን ነው።

ቱርማሊን በጣም ደስ የሚል ማዕድን ነው። ስላይዱን ስታዞሩ ከቀላል ቡናማ ወይም አረንጓዴ ወደ ጥቁር ይለወጣል። የሚጠቁረው ረጅም ጎኑ ከታችኛው ፖላራይዘር አቅጣጫ ጋር በ90 ዲግሪ ሲቆራረጥ ነው። ባዮታይት የሚባለው ጥቁር ሚካ በተቃራኒው ነው፤ ይህን ከያዛችሁ ሁለቱን አታምታቱም።

ሩታይል እንደ ደረቀ ደም ቀይ ቡናማ ወይም ጥቁር ቢጫ ነው፤ ጠርዙ ከዚርኮንም ይወፍራል። ጋርኔት ፈዛዛ ሮዝ ወይም ቀለም የለሽ ሆኖ ፖላራይዘሮቹ ሲቆራረጡ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ብታዞሩትም አይበራም። ኤፒዶት ቢጫ አረንጓዴ ነው። ስታውሮላይት የገለባ ቢጫ። ካያናይት ጠፍጣፋ፣ ደረጃ ደረጃ የተሰበረ፣ ሰያፍ ሆኖ የሚጠፋ ነው።

ጥርጣሬ ከገባችሁ እና ራማን የሚባለው፣ ማዕድንን በሌዘር ብርሃን የሚለይ መሣሪያ ያለበት ቦታ ከደረሳችሁ እሱ ይፈርዳል። ከሌለ «ያልታወቀ» ብላችሁ መዝግቡ። በግምት ስም መስጠት ቆጠራውን ያበላሻል።

7. መቁጠር

ስላይዱን በመስመር እየሄዳችሁ ከ200 እስከ 300 የሚያስተላልፉ ቅንጣቶች ቁጠሩ። ያማረውን መርጦ መቁጠር የለም። መስመሩ ላይ የገባ ሁሉ ይቆጠራል።

ከዚያ ሬሾዎቹ ይመጣሉ። ጥንታዊ አሸዋ ድንጋይ ላይ መቶኛ ብቻ ማየት አደገኛ ነው፤ አንዱ ማዕድን ቢሟሟ የሌላው መቶኛ ያለ ምክንያት ከፍ ይላል። ሞርተንና ሃልስዎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ያቀረቡት መፍትሔ ይህ ነው፦ በውሃ ውስጥም ሆነ ከመሬት ሥር ተቀራራቢ ጠባይ ያላቸውን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማወዳደር። ጋርኔትን ከዚርኮን፣ ሩታይልን ከዚርኮን፣ አፓታይትን ከቱርማሊን። ስሌቱ ቀላል ነው። 30 ጋርኔትና 70 ዚርኮን ካገኛችሁ፣ 30ን ለሁለቱ ድምር ለ100 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ የጋርኔት ዚርኮን ሬሾው 30 ይሆናል። ለእያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ 100 ቅንጣት ብትቆጥሩ ቁጥሩ ይታመናል። ካልሞላ ሁለተኛ ስላይድ ሥሩ።

ከዚህ ጋር የዚርኮን፣ የቱርማሊንና የሩታይልን ድምር በመቶኛ ያዙ። ሁበርት በ1962 ያስተዋወቀው መለኪያ ነው። ሦስቱ ከሁሉም ጽኑዎች ናቸው። ድምራቸው ወደ 100 ከተጠጋ አሸዋው ብዙ ነገር አይቷል ማለት ነው።

8. ማንበብ፤ ከመፍረድ በፊት የጎደለውን መጠየቅ

እህል ሲበራይ ነፋስ ቀላሉን ወስዶ ከባዱን እንደሚተው ሁሉ፣ አሸዋም ከተራራ እስከ ድንጋይ ድረስ ተደጋግሞ ይነፋል። ስለዚህ ስላይዱ ላይ ያለው ምንጩ የሰጠው ሁሉ አይደለም። የተረፈው ነው።

መጀመሪያ የአየር ንብረትን ጠይቁ። እርጥብና ሞቃት አገር ላይ አሸዋው ገና ሳይጓዝ ወይም በመንገድ ሜዳ ላይ ተኝቶ ይበሰብሳል። አፓታይት በአሲዳማ የዝናብ ውሃ ይሟሟል፤ ከመሬት በታች ሲቀበር ግን ይጸናል። ቱርማሊን በሁለቱም ይጸናል። ስለዚህ የአፓታይት ቱርማሊን ሬሾ በጣም ካነሰ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መበስበስ ነው። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ዘፍዝፋችሁት ከነበረ ግን ይህን መልስ ለዘላለም አጥታችኋል።

ቀጥሎ መቀበርን ጠይቁ። አሸዋ በጥልቀት ሲቀበር ትኩስ ውሃ በመካከሉ ያልፋል። በሰሜን ባሕር ጉድጓዶች በተደረጉ ጥናቶች ቅደም ተከተሉ በደንብ ታይቷል። ፓይሮክሲን ቀድሞ ይጠፋል። ከዚያ አምፊቦል፣ ኤፒዶት፣ ካያናይት፣ ስታውሮላይት፣ እያለ ጋርኔት ላይ ይደርሳል። ዚርኮን፣ ሩታይል፣ ቱርማሊንና አፓታይት ይቀራሉ። ማስረጃው ቅንጣቱ ላይ አለ፤ ጋርኔቱ ገጹ በጥቃቅን ደረጃዎች ከተቦረቦረ፣ ስታውሮላይቱ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ መሟሟት ጀምሯል። እንዲህ ያለ ናሙና ላይ «ጋርኔት ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ምንጩ ጋርኔት የለውም» ማለት አይቻልም።

ዓባይ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት ተነስቶ በተከዜና በጥቁር ዓባይ የሚወርደው ፓይሮክሲን እስከ ግብፅ ደልታ ይደርሳል። ሹክሪ የተባለው ግብፃዊ ተመራማሪ የናይልን ደለል ማዕድናት አጥንቶ በ1950 አሳትሟል። ዛሬ ይህን አሸዋ የሚያይ ሰው የእኛን ደጋ ወዲያው ያውቀዋል። ያው አሸዋ ጠልቆ ተቀብሮ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ቢወጣ ግን ፓይሮክሲኑ ላይኖር ይችላል። ያኔ የፓይሮክሲኑ መጥፋት ደጋው ያለመኖሩ ምልክት አይሆንም።

አሁን ትግራይ ላይ ያለውን እውነተኛ ምሳሌ እንመልከት። እዚያ ሁለት ጥንታዊ የበረዶ ግግር ዘመናት አሸዋ ትተዋል። የእንትጮ አሸዋ ድንጋይ በኦርዶቪሲያን ዘመን መጨረሻ፣ ከ445 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተከማቸ ነው። የእዳጋ ዓርቢው ከካርቦኒፈረስ እስከ ፐርሚያን ነው፣ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ቦታቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ከበረዶ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንድ ዓይነት ይሆናሉ ብሎ መገመት ቀላል ነበር። ተመራማሪዎች ከባድ ማዕድናቸውን ሲያወዳድሩ ግን ተለያዩ። በእንትጮው ዚርኮን፣ ቱርማሊንና ሩታይል በዝተዋል። በእዳጋ ዓርቢው ደግሞ ጋርኔት ይታያል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ልዩነቱ በመቀበር የመጣ ቢሆን፣ ጎን ለጎን ያሉ ድንጋዮች በጥልቀት ብዙም ስለማይለያዩ እንዲህ ባልተለያዩ ነበር። ይበልጥ የሚያሳምነው ይህ ነው፦ የእንትጮው አሸዋ ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በደንብ የበሰበሰና የታጠበ ነበር። የእዳጋ ዓርቢውን ግን በረዶ ትኩስ አለት ፍቆ፣ ብዙ ሳይበሰብስ አመጣው። በረዶ ብቻውን የአሸዋውን ዓይነት አይወስንም። የሚወስነው የፋቀው ነገር ነው፤ የበሰበሰ አፈርና አሮጌ አሸዋ ከፋቀ ያንኑ ያቀርባል።

9. ዚርኮንን ዕድሜ መጠየቅ

ቆጠራው መንገድ ካሳየ በኋላ፣ አቅም ካለ፣ ዚርኮኖችን በሌዘር መሣሪያ በዩራኒየምና እርሳስ ዘዴ ዕድሜያቸውን ማወቅ ይቻላል። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከሌላ ተቋም ጋር በትብብር ይሠራል። ከአንድ ናሙና ከ100 በላይ ቅንጣት ይመከራል፤ ቨርሜሽ በ2004 ያሰላው 117 ነው፣ ትንንሽ የዕድሜ ቡድኖች እንዳይዘለሉ።

የዚህ ትርፍ በአካባቢያችን ግልጽ ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ መሠረት የሆነው የአረብና ኑቢያ ጋሻ አለት በአብዛኛው ከ870 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካና በዐረቢያ ባሉ፣ እንደ እንትጮው ባሉ ጥንታዊ አሸዋ ድንጋዮች ውስጥ ግን 1 ቢሊዮን ዓመት አካባቢ የሆኑ ዚርኮኖች አሉ። ከእግራቸው ሥር ካለው አለት ብቻ የመጡ ሊሆኑ አይችሉም። ጎንድዋና ከተባለው ጥንታዊ ታላቅ አህጉር ውስጥ ከሩቅ ተነስተው ወይም ከአሮጌ ድንጋይ ተመላልሰው ነው የደረሱት። የትኛው እንደሆነ አሁንም ይከራከሩበታል።

ዕድሜ ብቻውን ግን አይበቃም። ዚርኮን እጅግ ጽኑ ስለሆነ ከአንድ አሸዋ ድንጋይ ወጥቶ ሌላ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ዕድሜው አይለወጥም። ለዚህ ነው ቆጠራውን ዘለው ቀጥታ ወደ ዕድሜ የሚሮጡትን የማልመክረው። ጋርኔትና አፓታይት ትኩስ ከሆኑ፣ ቢያንስ የአሸዋው አንድ ክፍል በቀጥታ ከመጀመሪያው አለት መጥቷል ማለት ይቻላል። ዚርኮን ይህን አይነግራችሁም።

ውጤታችሁን ስትጽፉ የተጠቀማችሁበትን የቅንጣት መጠን፣ የፈሳሹን እፍጋት፣ የአሲዱን ዓይነትና የቆጠራችሁትን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። እነዚህ ከሌሉ ሌላ ሰው የእናንተን ቁጥር ከራሱ ጋር ማወዳደር አይችልም። ቀላሉን ክፍል፣ ማግኔታይቱንና ያልተፈጨውን ቀሪ ድንጋይም ቁጥር አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ነገ በሌላ ዘዴ ደግሞ ማየት የሚፈልግ ይኖራል።